ከጉባኤ ቃናው በፊት መወድስ? ስለ ኮድ ኪነ ጥበብና ስለ ጀማሪው

የጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ለዘመናት ጸንተው የኖሩበት አንድ ሕግ አለ። ጀማሪው ተማሪ በመጀመሪያ ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ እያለ ይሸጋገራል፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የዚህ ሕግ ብልኀት ግን ከጥቂቱ ወደ ብዙው መራመዱ ብቻ አይደለም። ጉባኤ ቃና ትንሽ ይሁን እንጂ ጎደሎ አይደለም። ራሱን የቻለ ሙሉ ቅኔ ነው። ጀማሪው የሌላውን ሥራ እያደነቀ ዓመታት አይቀመጥም፤ ገና ከደጁ ሳይርቅ ራሱ ይቆጥራል፣ በመምህሩ ፊት ይነግራል፣ ይነቀፋል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱም ይመለሳል።

ይህን ያነሣነው ስለ ቅኔ ለማተት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ኮምፒዩተርን እንደ ብሩሽ፣ እንደ መሰንቆ፣ እንደ ሸማኔ ዕቃ አድርጎ መጠቀምን የሚያስተምሩት መሣሪያዎች ናቸው። በውጭው ዓለም ‹‹የፈጠራ ኮድ›› እየተባለ የሚጠራው ይህ ሙያ ሥዕልን፣ ዜማንና ተንቀሳቃሽ ምስልን በትእዛዝ ቋንቋ ጽፎ መሥራት ነው። ጀማሪውን እጁን ይዘው የሚያስገቡ፣ ያለ ክፍያም የሚታደሉ መሣሪያዎች ከወጡ ከሃያ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። ታዲያ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዋና ከተማ፣ በመርጡለ ማርያም፣ ከሥዕል መምህሩ፣ ከኪነት ቡድኑና ከቅኔ ተማሪው እጅ በሰፊው ሳይገቡ እስከ ዛሬ እንዴት ሊቆዩ ቻሉ?

ይህ ጸሐፊ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው። ጥፋቱ የመሣሪያ እጥረት ብቻ አይደለም። ዋናው ጥፋት ስለ ጀማሪ ያለን አስተሳሰብ ነው። አንዳንዶቻችን ጉባኤ ቃና ሳናስቆጥር መወድስ እንጠይቃለን። ሌሎቻችን ደግሞ መምህር ሳናቆም ጉባኤ ቃናው በራሱ እንዲወለድ እንጠብቃለን። ሁለቱም መንገዶች ተሞክረዋል፤ ሁለቱም አላዋጡም።

ከክርክሩ በፊት ነገሩን በትክክል እንወቀው። እ.ኤ.አ. በ1967 ሲሞር ፓፐርት፣ ዎሊ ፎይርዚግና ሲንቲያ ሰሎሞን የተባሉ ምሁራን በአሜሪካ ‹‹ሎጎ›› የተሰኘውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ለሕፃናት አዘጋጁ። ብዙም ሳይቆይ በዚሁ ቋንቋ የምትታዘዝ ኤሊ መጣች። ኤሊዋ ‹‹ወደፊት›› ሲሏት ትሄዳለች፣ ‹‹ዙሪ›› ሲሏት ትዞራለች፤ የሄደችበትም መንገድ መስመር ሆኖ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬሲ ሪያስና ቤን ፍራይ በኤም አይ ቲ ተቋም ‹‹ፕሮሰሲንግ››ን ለሠዓሊዎችና ለንድፍ አውጪዎች አበረከቱ። በዚህ መሣሪያ የሚጻፈው እያንዳንዱ ፕሮግራም ‹‹ንድፍ›› ተብሎ መጠራቱ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ሠዓሊ በእርሳስ እንደሚሞክረው ሁሉ በኮድም ይሞክር ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ከዚያው ተቋም ‹‹ስክራች›› ወጣ፤ በዚህኛው ትእዛዝ አይጻፍም፣ እንደ ጡብ እየተገጣጠመ ይደረደራል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳም አሮን በካምብሪጅ ዜማ በኮድ የሚሠራበትን ‹‹ሶኒክ ፓይ››ን፣ በ2013 ደግሞ ሎረን ሊ መካርቲ የፕሮሰሲንግን መንፈስ ወደ ድረ ገጽ ያሻገረውን ‹‹ፒ5 ጄኤስ››ን አወጡ።

የእነዚህ ሁሉ የጋራ ጠባይ ምንድን ነው? ጀማሪው የጻፈው ትእዛዝ ውጤት ወዲያው በዐይኑ ይታያል፣ በጆሮው ይሰማል። በኤሊዋ የሚሰጠውን የመጀመሪያ ትምህርት እንመልከት። ‹‹4 ጊዜ ድገም፦ 100 እርምጃ ወደፊት፤ 90 ዲግሪ ወደ ቀኝ።›› ይህ ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ በሰሌዳው ላይ ግን አንድ ሙሉ ካሬ ተሥሏል። ቀጥሎ ‹‹ያንን ካሬ 36 ጊዜ ድገም፤ በየጊዜው 10 ዲግሪ ዙሪ›› ሲባል ካሬው በራሱ ማዕዘን ዙሪያ እየዞረ የሰፌድ ወለል የሚመስል ጌጥ ይወጣል። ከአሥሩ ይልቅ 15 ቢባል፣ ከ36ቱ ይልቅ 24 ቢባል ሌላ ጌጥ ይሆናል። ተማሪው ዙሪያው 360 ዲግሪ መሆኑን በቃል አላጠናውም፤ በእጁ አገኘው እንጂ። ሁለት ትእዛዝ፣ ሁለት ቤት ማለት ነው። እነሆ ጉባኤ ቃናው!

ዜማም እንዲሁ ነው። በሶኒክ ፓይ ድምፅ በቁጥር ይጠራል። የትዝታ ሙሉ ቅኝት ከ60 ቢነሣ 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ይሆናል። አምባሰል ከዚያው መነሻ 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ነው። ‹‹የእኛ መሰንቆና ክራር በፒያኖ ቁልፍ ልክ አይቃኙም›› የሚል ባለሙያ ቢነሣ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ክፍልፋይ ቁጥርም ይቀበላል። አዝማሪው ከ64 ትንሽ ዝቅ ያለውን ድምፅ ቢፈልግ 63.8 ብሎ ሊጽፈው፣ ሊሰማው፣ ‹‹አልሆነም›› ብሎ ሊያርመው ይችላል። ስለ ቅኝት ሲከራከሩ የኖሩ የሙዚቃ መምህራን ክርክራቸውን በጆሮ የሚፈትኑበት መንገድ ከዚህ የቀለለ ሊያገኙ አይችሉም።

እንግዲህ ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ። የመጀመሪያው ወገን የባህል ጠባቂ ነኝ የሚለው ነው። ‹‹ኮምፒዩተር የሸማኔውን እጅ ያደርቃል፤ የሰፌድ ሰፊዋን ዐይን ያጠፋል›› ይላል። ይህ ወገን የሚፈራው ነገር ከንቱ ነው ባንልም የሚፈራበት ቦታ ግን የተሳሳተ ነው። የሸማኔውን ገበያ የሚሻማው በፋብሪካ የታተመው የጥለት ቅጂ እንጂ ጥለቱ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የሚቆጥር ተማሪ አይደለም። ይህን ለመረዳት በቀሚሱ ጠርዝ ላይ የሚሠራው ጌጥ ‹‹ጥበብ›› መባሉን ማስታወስ ይበቃል። ጥበብ የሚሠራው በቁጥር ነው፤ ስንት ድር ይነሣል፣ ስንቱ ይቀመጣል፣ መቼ ይደገማል፣ መቼ ይገለበጣል። ሰፌድና መሶብ የምትሰፋዋ ሴት የአለላውን ቀለም የምትለውጠው ዙሩን ቆጥራ ነው። በብራና መጻሕፍት ግንባር ላይ የሚወርደው ሐረግ እየተጠላለፈ የሚሄደው ከላይና ከታች፣ ከላይና ከታች በሚል ሥርዐት ነው። በመርጡለ ማርያም ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ባሠራችው፣ በግራኝ ዘመን ጦርነት ከተቃጠለ በኋላም በ17ኛው መቶ ዘመን እንደገና በተሠራው ጥንታዊ ሕንፃ ፍርስራሽ ላይ የቀሩት የድንጋይ ቅርጾች የአበባና የሐረግ ጌጦች ናቸው። ጠራቢው አንድን ቅርጽ ወስዶ አዙሮታል፣ ደግሞታል፣ እንደ መስተዋት ገልብጦታል። አሜሪካዊው ሮን ኤግላሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ‹‹አፍሪካን ፍራክታልስ›› በተሰኘ መጽሐፉ የኢትዮጵያን መስቀሎች አንሥቶ፣ ትንሹ ቅርጽ በትልቁ ላይ እየተደጋገመ እንዴት እንደሚያድግ አሳይቷል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን ‹‹ኮዱን አባቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር›› ወደሚል ባዶ ፉከራ እንዳንገባ መጠንቀቅ ያሻል። ሸማኔው ሸማኔ ነበር፤ ፕሮግራም ጸሐፊ አልነበረም። ፉከራው ማንንም አያስተምርም፤ እንዲያውም ‹‹ካወቅነው ምን እንማራለን?›› የሚል ስንፍና ይወልዳል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። የመርጡለ ማርያም ልጅ ወደ ኮድ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም። ድግግሞሽን፣ ዙርን፣ ቆጠራን፣ ግልበጣን በእናቱ ቤት አይቶት አድጓል። መምህሩ ከዚያ ቢነሣ ተማሪው ግማሹን መንገድ ተጉዟል። መምህሩ ከማያውቀው አገር ምሳሌ ቢነሣ ግን ያንኑ ግማሽ መንገድ ወደ ኋላ መልሶታል።

ሁለተኛው ወገን ‹‹አስቀድሞ እንጀራ›› ባዩ ነው። ለእርሱ ኮድ ማለት ሥራ ማለት ነው፤ ሥዕልና ዜማ የጠገበ ሰው ጨዋታ ናቸው። ይህ አስተያየት በአገር ደረጃም ጥላውን ያጠላ ነው። በ2016 ዓ.ም መጨረሻ ከተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች ጋር የተጀመረውን ‹‹የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች›› መርሐ ግብር ሁሉም ያውቀዋል። ትምህርቱ በነፃ መሰጠቱ የሚመሰገን ነው። የተዘረዘሩት የትምህርት ዘርፎች ግን የፕሮግራም መሠረታውያን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ የመረጃ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታውያን ናቸው። ለሠዓሊው፣ ለዜመኛውና ለተዋናዩ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የተለየ ቦታ አልተሰጠም። በስሙ ላይ የተቀመጠውም ቁጥር አምስት ሚሊዮን ሰው ነው፤ አምስት ሚሊዮን ሥራ አይደለም። የምስክር ወረቀት ቆጥሮ የተማረን ሰው መለካት፣ ድርሳን የያዘውን ሁሉ ባለቅኔ ብሎ እንደመጥራት ነው።

እንጀራ ይቅር የሚል የለም። ይሁን እንጂ ጀማሪን የሚያቆየው ምንድን ነው? ኮድ ለመማር የተነሣ ወጣት በመጀመሪያው ሳምንት ስለ መረጃ ቋትና ስለ ተለዋዋጭ ዐይነቶች ትርጓሜ ብቻ ቢነገረው፣ በእጁም አንዳች የሚያሳየው ነገር ባይኖረው፣ በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል። በመጀመሪያው ቀን የእናቱን ቀሚስ ጥለት በሰሌዳው ላይ ያወጣ ግን በማግሥቱ ጓደኛውን አስከትሎ ይመጣል። ጨዋታ የተባለው ነገር በእርግጥ መግቢያው በር ነው። በበሩ ያለፈ ተማሪ ነገ የባንክ ፕሮግራም ቢጽፍ ማንም አይከለክለውም። በሩ ሳይከፈትለት የቀረው ግን ባንኩንም አይደርስበትም።

ከዚህ ጋር አንድ የትምህርት ቤት ጉዳይ አለ። በአንደኛ ደረጃ ሥርዐተ ትምህርታችን ‹‹የክወናና የእይታ ጥበባት›› የሚባል ትምህርት ይሰጣል። ከፍ ባለው ደረጃ ደግሞ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት አለ። ሁለቱ ግን በአንድ ግቢ እየኖሩ የማይተዋወቁ ጎረቤቶች ናቸው። የጥበባት መምህሩ ኮምፒዩተሩን የጽሕፈት መኪና አድርጎ ያየዋል፤ የቴክኖሎጂ መምህሩ ሥዕሉን የግድግዳ ጌጥ አድርጎ ያየዋል። እነዚህን ሁለት መምህራን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ለማገናኘት አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ርእሰ መምህሩ ፈቃዱ ቢሆን በአንድ ቀን የሚፈጸም ነው።

ሦስተኛው ወገን ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ነው፤ ምክንያቱም ወዳጅ መስሎ ይመጣልና። ይህ ወገን ‹‹መሣሪያውን ብቻ ስጧቸው፤ ልጆች በራሳቸው ይማራሉ›› ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው ‹‹ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ›› የተሰኘው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላላዩ ሕፃናት ታብሌት ኮምፒዩተሮችን ያለ አስተማሪ አደላቸው። ሕፃናቱ ብዙም ሳይቆዩ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመራቸው፣ የተዘጋውንም የካሜራ ክፍል በራሳቸው መክፈታቸው በዓለም ጋዜጦች ተወራ። የሕፃናቱን ብልኀት ማን ይክዳል? ጥያቄያችን ሌላ ነው። ስለ እነዚህ ሕፃናት የተወራው ምን ከፈቱ፣ ምን ዘመሩ እንጂ ምን ሠሩ የሚል አይደለም። በራሳቸው ቋንቋ ያልተዘጋጀ ዕቃ ተሰጣቸው፤ የዕቃውን ቋንቋ ስለ ዘመሩ ተጨበጨበላቸው። የራሳቸውን መዝሙር በዕቃው ቢያዘምሩት ኖሮ ያን ጊዜ እኛም ባጨበጨብን።

የዚህ አስተሳሰብ ሌላው ገጽታ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የታየው ነው። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ ትምህርት በሳተላይት፣ በፕላዝማ ቴሌቪዥን፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። በዚያ ዘመን ያስተማሩ ሁሉ የሚያውቁት ነው። ስክሪኑ ይሮጣል፣ ተማሪው ይከተላል፣ መምህሩ ተመልካች ሆኖ ዳር ይቆማል። ስክሪኑ ጥያቄ አይቀበልም፤ ያልገባውን አይጠብቅም፤ ተማሪው የሠራውንም አይቶ ‹‹ይህ ቤት ሰበረ›› አይለውም። በቅኔ ቤት የኔታ የሚባሉት ለዚህ ነው የሚቀመጡት። ጀማሪን የሚያስተምረው ዕቃ ሳይሆን በዕቃው የሠራውን አይቶ በማግሥቱ የሚያርመው ሰው ነው። የትኛውም የጀማሪ መሣሪያ፣ ፕሮሰሲንግም ይሁን ስክራች፣ ይህን ሰው አይተካውም።

አሁን የቋንቋውን ነገር እናንሣ። ‹‹ኮድ በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የማይችል አይማረውም›› የሚባለው አነጋገር ለብዙ መምህራን የመጨረሻ ፍርድ ሆኖ ቀርቷል። ለዚህ መልሱ በቅኔ ቤቱ ደጃፍ ይገኛል። የቅኔ ተማሪ የሚቆጥረው በግእዝ ነው፤ ግሡን፣ እርባ ቅምሩን የሚያጠናው በግእዝ ነው። የኔታ የሚያብራሩለት ግን በአማርኛ ነው። የሥራው ቋንቋ ሌላ፣ የመማሪያው ቋንቋ ሌላ ሆኖ ለዘመናት ተሠርቶበታል፤ ሊቃውንትም ወጥተውበታል። በኮድ ላይ ሲደርስ ይህ ሥርዐት የሚከለከልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ከዚህም በላይ ዛሬ የሥራው ቋንቋ ራሱ እንደ ቀድሞው የተዘጋ አይደለም። ስክራች በአማርኛ ተተርጉሟል፤ ተማሪው ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን ቢመርጥ የትእዛዝ ጡቦቹ በአማርኛ ይቀርቡለታል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ኮምፒዩተሩ ግእዙን እንደ ላቲኑ ይቀበላል። በፓይቶንና በጃቫስክሪፕት ቋንቋዎች የነገሮችን ስም በግእዝ ፊደል መሰየም ይቻላል፤ ‹‹ጥለት››፣ ‹‹ዙር››፣ ‹‹ቀለም›› ብሎ ቢጽፍ ማሽኑ አይቃወምም። በፓይቶን ውስጥ ከነቤቷ የምትገኘውን ኤሊ ‹‹ወደፊት›› ሲሏት እንድትሄድ፣ ‹‹ወደ ቀኝ›› ሲሏት እንድትዞር ማድረግ ለአንድ መምህር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ሃያ የእንግሊዝኛ ትእዛዞችን በሃያ የአማርኛ ስሞች መሸፈን ብቻ ነውና። ሊባኖሳዊው ራምዚ ናስር እ.ኤ.አ. በ2012 ‹‹ቀልብ›› የተባለውን የኮድ ቋንቋ ሙሉ በሙሉ በዐረብኛ ሠርቶ ለዓለም አሳይቷል። ሆላንዳዊቷ ፌሊን ሄርማንስ በ2020 ያወጣችው ‹‹ሄዲ›› ደግሞ ትእዛዞቹን በብዙ ቋንቋዎች የሚቀበል፣ ሕጉንም ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው፤ አካሄዱ ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ የሚደረገውን ጉዞ ያስታውሳል። የፒ5 ጄኤስ ማብራሪያ ወደ ስፓኝኛ፣ ወደ ቻይንኛ፣ ወደ ኮሪያኛና ወደ ሂንዲ የተመለሰው በእነዚያ ቋንቋ ተናጋሪዎች ድካም ነው። አማርኛውን ማን ይመልሰው? ከአሜሪካ መጥቶ የሚመልስልን ሰው እንጠብቅ?

‹‹ኢንተርኔትና መብራት በሌለበት ይህ ሁሉ ምን ይፈይዳል?›› የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት የተነሣ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ መቆየቱን፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም መዘጋታቸውን ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ላለፈ ሕዝብ በየቀኑ ኢንተርኔት የሚጠይቅ ትምህርት ማዘጋጀት በአሸዋ ላይ ቤት መሥራት ነው። ስለዚህ መሣሪያን ስንመርጥ የመጀመሪያው መመዘኛ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ይሁን። ስክራች በኮምፒዩተሩ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፕሮሰሲንግ፣ ሶኒክ ፓይና ፓይቶንም እንዲሁ ናቸው። የፒ5 ጄኤስ ቤተ መጻሕፍት አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ በማንኛውም የድረ ገጽ መክፈቻ ላይ ይነበባል። ሁሉም በአንዲት ፍላሽ ተጠቃለው ከደብረ ማርቆስ መርጡለ ማርያም በኪስ ሊመጡ ይችላሉ።

ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ባይኖርስ? በሀንጋሪ ተወልዳ በፓሪስ የኖረችው ሠዓሊ ቬራ ሞልናር ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ‹‹ምናባዊ ማሽን›› ብላ በሰየመችው ዘዴ ትሠራ ነበር። ኮምፒዩተር አልነበራትም። ሕግ ታወጣለች፤ ሕጉንም እንደ ማሽን በእጇ፣ በወረቀት ላይ ትፈጽማለች። ኮምፒዩተር ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከዚያም በኮምፒዩተር ከሚሠሩት ሠዓሊዎች ግንባር ቀደም ሆና እስከ ዕለተ ሞቷ፣ እስከ 2023 ዘለቀች። እንግዲህ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። አንዱ ተማሪ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይፈጽማል፤ ውጤቱ ካልሰመረ ስሕተቱ በትእዛዙ ላይ ይፈለጋል። የኮድ ትምህርት ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው። መብራት የሚጠይቅ ነገር የለውም።

በመጨረሻም ከሁሉ አዲስ የሆነውን ፈተና ሳናነሣ ብናልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ዛሬ ‹‹ኮድ መማር አብቅቷል፤ ማሽኑን ሥዕል ሥራ ብትለው ይሠራል›› የሚሉ ድምፆች ተነሥተዋል። ሥዕል አመንጪ የሚባሉት እነዚህ ማሽኖች ጥቂት ቃል ተቀብለው የተሟላ ምስል ያወጣሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያን ብራና ወይም የመንገድ ማስታወቂያ ሥራ ሲባሉ ፊደል የሚመስል፣ ፊደል ያልሆነ ጭረት ሲደረድሩ ስንት ጊዜ ታይተዋል! ይህ ጉድለት ነገ ሊታረም ይችላል፤ ክርክራችንም በእርሱ ላይ የቆመ አይደለም። ክርክራችን ይህ ነው፦ የሚያዘው ሰው ምስሉ ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ ማወቅና በፈለገው ቦታ ማረም ካልቻለ ደንበኛ ነው እንጂ ከያኒ አይደለም። በኤሊዋ ካሬ የሠራ ሕፃን 90ን ወደ 91 ቢለውጥ ምን እንደሚሆን ያውቃል። የማያውቀው ቢሆን እንኳ ለውጦ ያያል። ጀማሪ የሚያድገው በዚህ ነው። የቅኔ ተማሪ ሌላ የቆጠረለትን ቅኔ በየቀኑ ቢነግር ዐሥር ዓመት ቢቀመጥም ባለቅኔ አይሆንም።

በ1950 ዓ.ም አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ካፈራቸው ሠዓሊዎች አንዱ ኤልያስ ስሜ ነው። ኤልያስ ‹‹ታይትሮፕ›› በተሰኙት ሥራዎቹ የተጣሉ የኮምፒዩተር ቦርዶችን፣ ገመዶችንና የመተየቢያ ቁልፎችን እየሰፋና እየጠለፈ ዓለም የተደነቀባቸውን ታላላቅ ሰሌዳዎች ሠርቷል። የዓለምን ኮምፒዩተር ሬሳ ወስዶ ነፍስ የዘራበት ኢትዮጵያዊ ነው ብንል አላጋነንም። ታዲያ የሚከተለው ትውልድ የሕያዉን ኮምፒዩተር ውስጡን እንዲይዝ የምናደርገው እኛ ካልሆንን ማን ነው? ሬሳው ሲደርሰን ኪነ ጥበብ ሠርተንበታል። ሕያው ሆኖ ሳለ ለምን ባዕድ ሆነን እንቆያለን?

ስለዚህ ከወቀሳ ወደ ሥራ እንሻገር። ለባህል ማኅበራት፣ ለወረዳ ባህልና ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ለመምህራንና ለከያንያን የሚቀርበው ጥያቄ አምስት ነጥብ ነው።

አንደኛ፣ ከሠላሳ ገጽ የማይበልጥ የጀማሪ መጽሐፍ በአማርኛ ይዘጋጅ። በመጀመሪያው ገጽ ትርጓሜ ሳይሆን ሥራ ይኑርበት፤ የመጀመሪያው ሥራ ሁለት ትእዛዝ፣ የመጨረሻው ሥራ አንድ ሙሉ ሰሌዳ ይሁን። ምሳሌዎቹም ከሰፌዱ፣ ከጥበቡ፣ ከሐረጉና ከቅኝቶቹ ይወሰዱ።

ሁለተኛ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት መሣሪያዎች በፍላሽ ተጠቃለው፣ የአማርኛ ትእዛዝ ያላት ኤሊም ታክላባቸው፣ ለየትምህርት ቤቱ ይታደሉ። ለዚህ ሥራ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ከማንም ይቀርባሉ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያ ከመታደሉ በፊት መምህር ይሠልጥን። የጥበባት መምህሩና የቴክኖሎጂ መምህሩ በአንድነት ይሠልጥኑ። ሥልጠናውም በቅኔ ቤት ሥርዐት ይሁን፦ ሠልጣኙ በየዕለቱ አንድ ትንሽ ሥራ ሠርቶ ይምጣ፤ ይነገር፤ ይታረም።

አራተኛ፣ ውጤቱ በምስክር ወረቀት ብዛት አይቆጠር። በዓመት አንድ ጊዜ የተማሪዎች ሥራ በአደባባይ ይታይ፤ ሸማኔውና ሰፌድ ሰፊዋ ተጋብዘው ይመልከቱ፣ ይንቀፉ። ከእነርሱ የበለጠ ዳኛ የለም።

አምስተኛ፣ ከሸማኔውና ከሰፌድ ሰፊዋ የተወሰደ ጥለት ሁሉ ባለቤቱን አስፈቅዶ ይወሰድ፤ በሥራው ላይም ስማቸው ይጻፍ። ልጁ ከእናቱ ሙያ ተነሥቶ ሲማር እናቱ ስም አልባ ሆና የምትቀርበት ትምህርት ትምህርት አይባልም።

ከእነዚህ አምስቱ አንዱም የታላቅ ፋብሪካ ወጪ አይጠይቅም። የሚጠይቁት ስለ ጀማሪው ያለን አስተሳሰብ መለወጡን ነው። በመርጡለ ማርያም አንድ ተማሪ ነገ ጠዋት ሁለት ትእዛዝ ጽፎ፣ በራሱ ቋንቋ፣ በመምህሩ ፊት ‹‹ይህን እኔ ሠራሁት›› ማለት ከቻለ መንገዱ ተጀምሯል። ይህን ሳናደርግ ስለ ሚሊዮኖች የምናወራ ከሆነ ግን ጉባኤ ቃና ባልተቆጠረበት ቤት መወድስ መጠየቃችን ነው። እንዲህ ያለውን ጉባኤ ደግሞ የጎጃም የቅኔ መምህር አይቀመጥበትም።